በመቁጠሪያ የተቆጠረ ውድድር

ይህን ስጽፍ አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ላስታውስ እንደምችል አስቀድሜ ላምን። የዚያን ቀን ውድድር ለሰው ሳወራ ለዓመታት «ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው የተነሣነው» እያልኩ ስጀምር ኖሬአለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ያን ቀን በስልኩ ያነሣውን ፎቶ ላከልኝ። አስፋልቱ ደረቅ ነው፤ እንዲያውም ከብስክሌቶቹ ኋላ ቀይ አቧራ ይታያል። ዝናቡን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ምናልባት ላቤ ይሆናል። እንግዲህ ተወዳዳሪዎቹ ሃያ ሁለት ነበርን ብል ሃያ አራት ልንሆን እንችላለን፤ በአስራ አራተኛው ዙር ከቡድኑ ተቆረጥኩ ብል በአስራ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። አንዱን ነገር ግን ለትዝታዬ ልተወው አልፈለግሁም። እርሱን ሄጄ አጣርቻለሁ።

አሶሳ በመምህርነት ስመደብ ዕድሜዬ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። ብስክሌቷን የገዛኋት እዚያው፣ ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው ነው። መያዣዋ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማዋ እንደ ጣት የቀጠነ፣ ለውድድር የተሠራች ነበረች፤ ለአሶሳ ኮብልስቶን ግን አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት የኋላ ጎማዋ ሽቦዎች ተራ በተራ ተበጠሱና ቸርኬዋ እንደ ደረቀ ቂጣ ተጣመመ። በትከሻዬ ተሸክሜ ከመስጊዱ ጀርባ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ብስክሌት ወደሚጠግኑ አንድ የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ ወሰድኳት። ከተማው ሁሉ «ሐጂ» ነበር የሚላቸው፤ እኔም ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም።

ሐጂ ብስክሌቷን ገልብጠው አዩና «ይሄ ማን ሸጠልህ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«እሱ ሄደ?»

«ሄዷል።»

«ወላሂ፣ ብልህ ሰው ነው።»

ሽቦዎቹን ከሦስት አሮጌ ብስክሌቶች ለቃቅመው ጎማዋን እንደገና ሠሯት። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ዓይናቸው ያኔም ደከም ያለ ስለነበር እያንዳንዱን ሽቦ በጥፍራቸው እየመቱ ጆሯቸውን አስጠግተው ድምፁን ያዳምጡ ነበር፤ የላላው ይወፍራል፣ የከረረው ይቀጥናል። ያች ጎማ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ሽቦ አልበጠሰችም። እኔም በእነዚያ ዓመታት፣ መንገዱ ሰላም በሆነባቸው ወራት፣ በየማለዳው ወደ ባምባሲ አቅጣጫ እየነዳሁ እመለስና ከክፍል በፊት በዚያ ዛፍ ሥር አረፍ እል ነበር። እግሬ ጠንካራ እንዳልሆነ ሐጂ ከኔ ቀድመው ያወቁ ይመስለኛል። አንድ ቀንም አልነገሩኝም።

የከተማው ብስክሌተኞች ውድድሩን ያሰቡት በአራተኛው ዓመቴ ነው። ወደ ሩቅ ወጥቶ መወዳደር ስለማይመች መሐል ከተማ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተመረጠ፤ ከአደባባዩ ተነሥቶ በመስጊዱ በኩል ወርዶ፣ መናኸሪያው ጋ ታጥፎ፣ በኮብልስቶኑ ተመልሶ ወደ አደባባዩ የሚወጣ ነው። ይህንኑ ሠላሳ ጊዜ መዞር ነበረብን። ደንቡ አጭር ነው። ቀዳሚው ከኋላ ዞሮ የደረሰበት ሰው ከውድድሩ ይወጣል። ቀዳሚው የመጨረሻ ዙሩን ሲጀምር አደባባዩ ላይ የተሰቀለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ እንደ ደወል ይመታል፤ እርሱ ሲጨርስ ገና ያልተደረሰበት ሰው ደግሞ የቀረውን አንድ ዙር ጨርሶ ይገባል።

ያስቸገረው ቆጠራው ነበር። በሙከራው ቀን በወረቀት ላይ ጭረት ሲጭር የነበረው ጸሐፊ ወረቀቱን ንፋስ ነጠቀውና ውድድሩ በጭቅጭቅ አለቀ። ያን ጊዜ ነው አንዱ «ሐጂ በመቁጠሪያቸው ለምን አይቆጥሩልንም?» ያለው። ሐሳቡ ሁሉንም አስደሰተ። ሐጂ በቀን አምስት ጊዜ ከሶላት በኋላ ፍሬ ሲያሳልፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እየተጫወቱም፣ እየሠሩም ጣታቸው አይሳሳትም። እርሳቸውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ እሺ አሉ፤ አንድ ነገር ግን ለወጡ።

«ሠላሳ አይሆንም። የኔ ገመድ ሠላሳ ሦስት ነው። ሠላሳ ሦስት ይሁን፤ ገመዱ ሲያልቅ ውድድሩም ኸላስ።»

ስለዚህ በአንድ ሽማግሌ መቁጠሪያ ምክንያት ውድድሩ በሦስት ዙር ረዘመ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ልምምድ ላይ ከፈጣኖቹ ጋር ራሴን ለክቼ ስለነበር ሠላሳ ዙር ሳይደረስብኝ እንደምጨርስ፣ ሠላሳ አምስት ቢሆን ግን እንደማልችል በግምት አውቅ ነበር። በመካከሉ ያለው የሰይጣን ቦታ ነው። ማሸነፍ በሕልሜም አልመጣልኝም፤ የምፈልገው ሳልወጣ መጨረስ ብቻ ነበር። የዝውውር ጥያቄዬ ተፈቅዶ በሚቀጥለው ወር ከአሶሳ ልሄድ ነበርና ሌላ ዕድል አልነበረኝም። በዚያ ላይ የተደረሰበትን ሰው የሚያስወጣው ቀይ ባንዲራ የሚሰጠው ለቆጣሪው፣ ለሐጂ ነው።

በዋዜማው ጎማዬን ሲፈትሹልኝ ጠየቅኋቸው።

«ሐጂ፣ ከደረሱብኝ ያወጡኛል?»

«አወጣሃለሁ።»

«በእርስዎ ጎማ እየነዳሁ?»

ጎማዋን አሽከረከሩና እስክትቆም ጠበቁ። «ጎማው የኔ ነው። እግሩ ያንተ ነው።»

በማግስቱ መነሻው መስመር ላይ ከጎኔ የቆመው የባምባሲ ልጅ የሆነ የባጃጅ ሾፌር ነበር፤ ከሁላችንም ፈጣኑ እርሱ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«መምህር፣ ቅዳሜም ታስተምራለህ እንዴ?»

«ዛሬ ተማሪ ነኝ።»

«እንግዲያው ቦታህን ታውቀዋለህ። የኋላ ወንበር።»

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በደስታ አስታውሳቸዋለሁ። በቡድን ውስጥ ሲነዱ የፊተኛው ሰው ንፋሱን ይሰብርልዎታል፤ ሰውነት ከአቅሙ በላይ ይበርራል። ችግሩ ኩርባው ነው። በኩርባው ሁሉም ይቀዘቅዝና ሲወጣ እንደ ተለቀቀ ላስቲክ ይፈነጠራል፤ የላስቲኩ ጫፍ ላይ ያለው ሰው በየዙሩ አራት ጊዜ ነፍሱን መክፈል አለበት። ጫፉ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። በአስራ አራተኛው ዙር፣ ወይም በአስራ ሁለተኛው፣ ከመናኸሪያው ኩርባ ስወጣ ከፊቴ ያለው ጀርባ በአንድ ክንድ ራቀ፤ ከዚያ በሁለት፤ ከዚያ ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። ብቻውን የሚነዳ ሰው ከተማውን መስማት ይጀምራል። ኮብልስቶኑ ዳር ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች በየዙሩ «አይዞህ መምህር!» ይሉኝ ነበር። አንድ ተማሪ ከግንብ ላይ «መምህር፣ የማክሰኞውን ፈተና ከሰረዝክልን እንገፋሃለን!» ብሎ ጮኸ። በአደባባዩ ባለፍኩ ቁጥር ሐጂን አያለሁ፤ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ቀኝ እጃቸው ላይ መቁጠሪያው፣ ጭናቸው ላይ ቀዩ ባንዲራ። ዓይናቸው ወደ እኔ አልዞረም። የሚቆጥሩት ቀዳሚውን ነውና እኔን ማየት ሥራቸው አልነበረም፤ ቢሆንም ቅር አለኝ።

ሃያ ስምንተኛው ግድም የሴቶቹ ቃል ተለወጠ። «መምህር፣ መጡብህ!»

ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ የባምባሲው ልጅና አንድ ሌላ ወጣት ከመስጊዱ ኩርባ ብቅ ብለዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ሳንባዬ ብረት ብረት ይለኝ እንደነበር፣ አንድ ፍየል አስፋልቱ ዳር ቆማ በትዕግሥት ታየኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሐጂ ያስተማሩኝን በልቤ ደጋገምኩ፤ «ፍሬን ከኩርባ በፊት ያዝ፤ ኩርባ ላይ ልቀቀው።» የአደባባዩን መስመር አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ቸርኬው ተደወለ። ሁለቱ መስመሩን አልፈው የመጨረሻ ዙራቸውን ጀምረዋል ማለት ነው። እኔ ከፊታቸው ነኝ። መስመሩ ላይ ዳግመኛ እስክደርስ ካልያዙኝ ድኛለሁ።

አልያዙኝም። ኮብልስቶኑን ስጨርስ የጎማቸውን ጩኸት ከጀርባዬ ሰማሁ፤ መስመሩን ስረግጥ የባምባሲው ልጅ የፊት ጎማ ከኋላ ጎማዬ ጋር ሊነካካ ደርሶ ነበር። እርሱ አሸናፊ ሆኖ እጁን ዘረጋ። እኔ አንድ ዙር ይቀረኝ ነበርና በሕዝቡ መሐል አቋርጬ ነዳሁ። መንገዱ ተለቆ ስለነበር ያችን ዙር ከሁለት ባጃጅና ከዚያች ፍየል ጋር ተጋፍቼ ነው የጨረስኳት። ስመለስ ሐጂ ተነሥተው ቆመዋል። አንዲት ፍሬ ወደ ኋላ መልሰው በጣታቸው ይዘው ቆይተው ነበር፤ መስመሩን ሳልፍ አሳለፏት።

ደስታዬ የቆየው ውኃ እስክጠጣ ነው። ሁለተኛ የወጣው ወጣት ጉልበቱን ለመጨረሻ ቆጥቦ ኖሮ ደወሉ ያለ ጊዜው ተመታ ብሎ ጮኸ።

«የዞርነው ሠላሳ ሁለት ነው! አንድ ዙር ጎድሏል!»

ከተመልካቹ አንዱ ነገሩን አባባሰው። የሐጂ መቁጠሪያ ባለፈው ረመዳን መስጊዱ በር ላይ ተበጥሶ አንድ ፍሬ ቦይ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። «ሠላሳ ሁለት ፍሬ ነው የቀረው። ይቆጠር!»

ይህ እውነት ከሆነ ትርጉሙን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሌላ አንድ ዙር ቢኖር ኖሮ በእርግጠኝነት ይደረስብኝ ነበር።

ሐጂ መቁጠሪያውን ቀስ ብለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «ይሄ ለአላህ ነው። ለክርክር አይወጣም።»

ማንም ሊደፍራቸው አልቻለም፤ ውጤቱም ጸና። እኔም አልጠየቅሁም። ፍርሃቴን አክብሮት ብዬ ጠራሁት። ሰኞ መምህራን ክፍል ስገባ አንድ ባልደረባዬ ገና ከበሩ ተቀበለኝ፤ «እንኳን ደስ አለህ! ሐጂ ዘካ አወጡልህ አሉ። አንድ ሙሉ ዙር!» ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በወሩ ወደ አዲሱ ቦታዬ ሄድኩ። ብስክሌቷንም ይዣት ሄድኩ፤ በነዳኋት ቁጥር ግን ያ ቃል ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር። የሚወዱኝ ሰው የሰጡኝ ምጽዋት ነው ወይስ በእግሬ ያገኘሁት? ያኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም የእኔ መሆን አለመሆኑን አላውቅም።

በቅርቡ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝነት ወደ አሶሳ ተጋበዝኩ። ሥራዬን እንደጨረስኩ ወደ ማንጎው ዛፍ ሄድኩ። ሐጂ ዓይናቸው በጣም ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። ጎማ ግን አሁንም ይሠራሉ፤ ቀድሞም ዓይናቸው አልነበረም የሚሠራው። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጎማዋ ጠየቁኝ። አንድም ሽቦ እንዳልተበጠሰ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር...»

«ስለ መቁጠሪያው ነው።»

ደነገጥኩ። «እንዴት አወቁ?»

«ያን ቀን ፊትህን አየሁት። ይሄን ሁሉ ዓመት ሆድህ ውስጥ አስቀመጥከው? ሆድህ መጋዘን ነው?» ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ከትተው መቁጠሪያውን አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «ቁጠር።»

«ያኔ ለምን እምቢ አሉ ታዲያ?»

«እነሱ እኔን ሊቆጥሩ ነው የፈለጉ። አንተ ቁጠር፤ አንተ ግን ሁለት ጊዜ ቁጠር። መምህር ነህ።»

ፍሬዎቹ ከብዙ ዓመት መነካካት የተነሣ እንደ ቆዳ ለስልሰዋል። ከግማሽ በላይ አልፌ ሳለሁ ጣቴ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ወደ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት። የብስክሌት ሽቦ የሚጠብቅባት፣ መሐሏ ቀዳዳ የሆነ ትንሽ ነሐስ ነበረች፤ በእኔ ጎማ ዙሪያ ካሉት ጋር አንድ ዓይነት።

«ፍሬው ቦይ ገባ፤ ሰውየው አልዋሸም» አሉ ሐጂ። «ግን ሰው እንጨት ሲጠፋበት ባለው ይተካል። በዚያው በጠፋበት ቀን ነው የተካሁት። ጉድለት ይዤ ሶላት አልጨርስም።»

ጣታቸው በውድድሩ ቀን ሁለት ፍሬ አብሮ አሳልፎ እንደሆነ የሚያውቁ እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያንን አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም። እንደታዘዝኩት ግን ከመነሻው ጀምሬ ሁለተኛ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሁለቱ እንጨት፣ አንዷ ነሐስ፤ ሠላሳ ሦስት ናቸው።