ዋንዛው ሥር የሚቆም ባቡር

በወለጋ ባቡር የለም። ነቀምቴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ላፕቶፔን ከፍቼ የባቡር ጌም ላይ ሐዲድ እዘረጋለሁ፤ ያየኝ ሁሉ ባቡር እንደሌለን ይነግረኛል። አውቃለሁ እኮ። ቢኖር ኖሮ እኔን ምን አደከመኝ?

ጌሙ የራስን መስመር መሥራት ይፈቅዳል። የኔ መስመር ከነቀምቴ ተነስቶ፣ የጉቶ ጊዳን የበቆሎ ማሳ አቋርጦ ወደ አያና ይወጣል። አያና መግቢያ ላይ መገንጠያ አለ፤ አንዱ ሐዲድ ወደ ከተማው ይገባል፣ ሌላው ወደ ኪራሙ ይቀጥላል። ከመገንጠያው አለፍ ብሎ፣ በኪራሙው በኩል፣ ቤታችን ነበር። ሰላም ሲጠፋ ትተነው ወጣን፤ አሁን እኔና አባቴ ነቀምቴ ተከራይተን እንኖራለን። አባቴ ስለ ቤቱ አያወራም። ብዙ ጊዜ ስለምንም አያወራም። መስመሩን የጀመርኩት ከዚያ ዝምታ ላወጣው ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ደግሞም ተሳካልኝ። መነጽሩን አድርጎ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረ። ወንዙ እዚህ አይደለም አለኝ፤ ዳገቱን አሳነስሽው አለኝ። አንድ ቀን ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ዋንዛው የት አለ ሲል ጠየቀኝ። ደጃችን ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር፤ ከነቀምቴ በሚኒባስ ስንመለስ "ወራጅ አለ" የምንለው እዚያ ስንደርስ ነበር። በእኛ መንገድ ሰው ደጁ ላይ ይወርዳል፤ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ በእግሩ ወደኋላ የሚመለስ አላየሁም። ስለዚህ ብዙም ሳላስብ ዋንዛውን አስገባሁና ሥሩ የማቆሚያ ምልክት ተከልኩ።

ከዚያ ወዲያ መስመሩ ተበላሸ። ባቡሩ ዋንዛው ሥር በቆመ ቁጥር ከአያና ወደ ነቀምቴ የሚመጣው ሌላ ባቡር መንገድ ላይ ተገትሮ ይቀራል። የመገንጠያውን ቅንብር ቀያየርኩ፤ ቅድሚያውን ለዚህኛው ሰጠሁ፣ ለዚያኛው ሰጠሁ፣ ምልክቱን አዙሬ ተከልኩ። ወይ ፍንክች።

ምክንያቱን ያገኘው ፊዚክስ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው። የነቀምቴ ልጅ ነው፤ ቤታችን ይመጣል፣ አባቴንም በአክብሮት ኦቦ እያለ ነው የሚያናግረው። ካርታውን አየና ሳቀብኝ። ባቡር እኮ ሚኒባስ አይደለም አለኝ፤ ፊቱ ዋንዛው ሥር ሲቆም ጅራቱ መገንጠያው ላይ ተጋድሟል፤ ጅራቱ እስካልተነሳ ድረስ ሐዲዱ ለሌላው አይዞርም። እውነቱን ነው። እንዲህ የሚሳሳተው "ወራጅ አለ" እያለ ያደገ ሰው ብቻ ነው።

"ማቆሚያውን አጥፊውና ተገላገይ" አለኝ። "ተሳፋሪዎቹ አያና ጣቢያ ይውረዱ፤ ምን አላት?"

ይህን ሲል አባቴ አጠገባችን ነበር። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ።

"አጥፊው" አለኝ። "ማንም ለማይወርድበት ቦታ ባቡር ምን ያቆመዋል?"

ተነስቶ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ከዚያ ቀን በኋላ አጠገቤ አልተቀመጠም፤ ዝምታውም ተመለሰ።

ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደተናደድኩ በቅጡ አላውቅም። ከቤታችን ስንወጣ ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝም፤ አሁን ደግሞ የቀረችንን አንዲት ማቆሚያ በገዛ እጄ፣ ቁልፍ ተጭኜ እንድሰርዝ ነው የምመከረው። አላደርገውም! ለባልደረባዬ የዋንዛው ማቆሚያ ካለበት ንቅንቅ እንደማይል፣ የሚነሳው መገንጠያው እንደሆነ ነገርኩት። አበድሽ እንዴ አለኝ።

መገንጠያ ማንሳት ቀላል አይደለም። ወደ አያና የሚገባውን ሐዲድ በሙሉ ነቀልኩ፤ መገንጠያውን ወደ ነቀምቴ በኩል ከባቡሩ ርዝመት በላይ ሳብኩት፤ ኩርባውን እንደ አዲስ ዘረጋሁ፤ ምልክቶቹን አንድ በአንድ መልሼ ተከልኩ። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። የተማሪዎቼ ፈተና ሳይታረም ተከመረ፤ ይከመር። ባልደረባዬ ግትር ነሽ አለኝ፤ አዎ ነኝ። እሱም ቢሆን በሦስተኛው ቀን የኩርባውን ልክ ራሱ አስልቶ በወረቀት አመጣልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴን ና እይ አልኩት። ምን አደርግልሻለሁ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ላፕቶፑን ተሸክሜ ሄጄ አልጋው ላይ፣ ፊቱ ፊት አስቀመጥኩለት። ባቡሩ ከነቀምቴ መጣ። መገንጠያውን አለፈ፤ ጅራቱም አለፈ፤ ዋንዛው ሥር ቆመ። ከኋላው የአያናው ባቡር ምንም ሳያግደው ወደ ነቀምቴ ወረደ። እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም። የእኛው ባቡር ሠላሳ ሰከንድ ቆሞ ጉዞውን ቀጠለ።

አባቴ ቀና ብሎ ተቀመጠና መነጽሩን ከኪሱ አወጣ።

"ምን ያጣድፈዋል?" አለ፤ ቁጣው የድሮው ቁጣ ነው። "ጆንያ የያዘ ሽማግሌ በዚህች ቅጽበት ይወርዳል? መልሰሽ አምጪው።"

የሚቆምበትን ጊዜ አምስት ደቂቃ አደረግኩት። አነሰ አለኝ። አሥር አደረግኩት። ከዚህ በላይ ከቆመ በዚያው ሐዲድ ከኋላው የሚመጣው ባቡር እንደሚታገድ አስረዳሁት። ዓይኑን ከዋንዛው ላይ አላነሳም።

"ይጠብቅ" አለ። "እኔ ገና አልወረድኩም።"