በግራ ጆሮዬ በኩል

ጎረቤቴ ፎቅ ላይ ፎቅ ልጨምር ብሎ ከተነሣ ይኸው ሦስተኛ ወሩ ነው፤ የድሬዳዋ ሙቀት አልበቃ ብሎን በአቧራ ታፍነናል፣ መዶሻውም ከሱብሂ ሶላት በኋላ ይጀምርና እስከ መግሪብ ፋታ የለውም። ዛሬስ ልኩን እነግረዋለሁ ብዬ በየቀኑ ሻሼን አስሬ እወጣለሁ፤ ደጁ ስደርስ ውሃ የጠገበ ሲሚንቶ ይሸተኝና ንዴቴ በርዶ፣ ሰላም ብዬው እመለሳለሁ። ምን ላድርግ፣ የልጅነቴ ሽታ ነዋ! ያደግሁት ሐርጌሳ ነው፤ ያውም ከተማዋ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና እየተነሣች፣ ያገኘ በቆርቆሮ ያጣ በጆንያ ቤቱን በሚከድንበት ዘመን።

አባቴ በበርበራ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ከወሎ ተከትለነው ሄድን፤ በወር ሁለቴ ቢመጣ ነው፣ ሲመጣም ተኝቶ ነው የሚውለው። እናቴ ዋሄን ገበያ በአንዲት በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። ዳሚ ሰፈር ከተከራየናት አንዲት ክፍል በጠዋት እንነሣና፣ ዋሄንን ከነግፊያውና ከነጫጫታው አቋርጠን 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ካለው ትምህርት ቤቴ ታደርሰኛለች፣ ማታም ትወስደኛለች፤ የጨርቅ ጥቅሏን በግራ ትከሻዋ ተሸክማ በቀኝ እጇ ግራ እጄን ትይዛለች። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ግድግዳው ሙሉ ቢሆንም ጣሪያው ግማሽ ነበር፤ ፀሐይዋ ስትዞር እኛም ሰሌናችንን እየጎተትን ጥላውን ተከትለን እንዞራለን። የእኔ ቦታ ከቀኙ ግድግዳ ሥር፣ መዝጊያ ከሌለው መስኮት አጠገብ ሲሆን፣ ከመስኮቱ ውጭ ድንጋይ ጠራቢዎች ቀኑን ሙሉ ይቀጠቅጣሉ። ስሜ ሲጠራ አልመልስም፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ድንጋይ ጠራቢዎቹን እያየሁ ቁጭ ነው። ልጆቹ «ሐበሻዋ ቋንቋው አልገባትም» ይላሉ፣ አስተማሪዎቹም እንደዚያው። ጉድ እኮ ነው! ሶማሊኛው አፌ ላይ ይንጣጣ ነበር፤ ሰፈር ውስጥ ስንቱን ልጅ ተሳድቤበታለሁ። ቤት ደግሞ እናቴ ጠርታኝ ዝም ስላት ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች ብላ ጭኔን በቁንጥጫ ታቀላዋለች።

እውነቱን እኔም አላውቀውም ነበር። ሕፃን ሳለሁ ግራ ጆሮዬ ይመግል ነበር አሉ፤ እናቴ ለብ ያለ ዘይት እያንጠባጠበች አስታማኝ፣ መግሉ ሲደርቅ አልሐምዱሊላህ ዳነች ብላ ረሳችው። ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማም። እኔም እንደ ልጅ አእምሮዬ፣ ቀኙ ለመስሚያ፣ ግራው ለሎቲ ማንጠልጠያ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር፤ የሰው ሁሉ እንደዚያ ነው ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ እናቴን አስጠርቶ፣ ቦታ አጥተው ውጭ የሚጠብቁ ልጆች ስላሉ፣ ረመዳን እስኪገባ ቋንቋው ካልገባት ቤት ትቀመጥ አላት። እናቴ ደጅ እንደወጣን ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ሰማሽ አንቺ? ከዚህ ከተባረርሽ ቁልፍ ስትተክዪልኝ ነው የምትውዪ!» አለችኝ። የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ደግሞ እጅግ አድርጌ ነው የምጠላው፤ ከሁሉ በላይ ግን ከመዓሊማ ሆዳን መለየቱ ነበር ያስፈራኝ።

መዓሊማ ሆዳን ከስደት ካምፕ የተመለሰች፣ ረጅም፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ የምትሸፍን ወጣት አስተማሪያችን ነበረች። መጽሐፍ ስላልነበረን አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ልታስተምረን እቃ ከየቤቱ ለቅማ መጣች። ቅዳሜ ዕለት በቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ውስጥ ሄል፣ ሳሙና፣ ናፍጣና የፍየል ቆዳ ከታ፣ በጨርቅ ሸፍና አስሸተተችን፤ ናፍጣውን እኔ «አባባ!» ብዬ ስጮህ ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እሁድ እጃችንን ጆንያ ውስጥ እየሰደድን ጥጡን፣ ጠጠሩን፣ የግመል ጠጉሩን ዳሰስን። ሰኞ ከእናቴ የለመነችውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቀለሙ ደረደርን። ማክሰኞ ስኳርና ጨው፣ ሎሚና እሬት ቀመስን፤ እሬቱን አንዱ ልጅ ከረሜላ መስሎት በብዛት ልሶ፣ ወዮ! ምላሱን በሸሚዙ ሲጠርግ ዋለ።

የጆሮው ተራ ረቡዕ ነበር። ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተን ቆምን፤ አንዱ ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ መሀል ይገባል፣ ሆዳን በዝምታ የጠቆመችው ልጅ ጠጠር ያለበትን ጣሳ ያንኳኳል፣ የታሰረው ድምፁ ወደ መጣበት በጣቱ ያሳያል። ሁሉም አሳዩ፤ ያ እሬት የላሰው ሳይቀር። ተራዬ ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ በሩን ተደግፎ ሲያይ አየሁት፤ ወዲያው ጨርቁ ታሰረልኝ። ጣሳው ተመታ፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፣ ከየት እንደሆነ ግን እንጃ፤ ወደ ቀኝ ጠቆምኩ፣ ሳቁ። ደግሞ ተመታ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ። በሦስተኛው ከትምህርት ቤቱ መባረሬ ታየኝና እንባዬ መጣ። ያኔ እግሬ በራሱ መዞር ጀመረ፤ ቀስ እያልኩ ስዞር ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ከፍ አለልኝ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ ወደ ቀኜ አሳየሁ። ልክ ነበርኩ! እንደገና ተመታ፣ እንደገና ዞሬ አገኘሁት። ልጆቹ አጭበርባሪ፣ በጨርቁ ሥር ታያለች ብለው ቀወጡት።

ሆዳን ብቻ አልሳቀችም። ሁሉንም በእጇ ዝም አሰኝታ ወደ ግራ ጆሮዬ ተጠግታ አንሾካሾከች አሉኝ፤ እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ጣሳውን እየጠበቅሁ ነበር። ቀጥላ በቀኜ መጣችና ትንፋሿ እየሞቀኝ «ዘሃራ፣ አባትሽ የት ነው?» አለችኝ በሶማሊኛ። እኔም ባንድ ትንፋሽ በዚያው በሶማሊኛ፣ በርበራ ነው፣ መኪናዬ ተበላሽቶ ነው የቆየሁት ይላል፣ እናቴ ግን ይሄ መኪና ስንቴ ነው የሚበላሸው ትላለች አልኩ። የርዕሰ መምህሩ ሳቅ ነበር ጨርቁን ያስፈታኝ። ወዲያው ሰሌኔን ጎትተው ከግራው ግድግዳ ሥር አስቀመጡኝ፤ ክፍሉ በሙሉ በቀኜ ሆነ፣ ስለ መባረርም ያወራ ሰው የለም።

ያን ቀን ከትምህርት በኋላ ሆዳን ራሷ ወደ ዋሄን ወስዳኝ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ አፏ ውስጥ የያዘችውን ስፒል እንኳ ሳታወጣ «እሷ? ኧረ በአላህ! የጎረቤት ሐሜት የማያመልጣት ልጅ እኮ ናት!» ብላ ሳቀች። ቢሆንም ልቧ አላረፈም መሰለኝ፣ ተነሣችና እኔ የአንድ ተሸካሚ ጋሪ ሲገለበጥ ቆሜ ሳይ ከኋላዬ በግራ መጣች። ያለችኝን ሆዳን ናት በኋላ የነገረችኝ፦ «ከረሜላ ልግዛልሽ?» ነበር ያለችኝ። አልዞርኩም። እናቴ እዚያው ጨርቆቿ ላይ ተቀምጣ «ያ ረቢ! ስንቱን ቁንጥጫ በከንቱ ቆነጠጥኩሽ፤ እኔን ያድርገኝ!» እያለች አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ አብሬያት አለቀስኩ።

ወደ ቤት ስንነሣ ጥቅሏን ወደ ቀኝ ትከሻዋ አዞረችና ቀኝ እጄን ያዘች። እስከዚያች ቀን እናቴ መንገድ ላይ ዝም የምትል ሴት ነበር የምትመስለኝ። ለካ አፏ አያርፍም! ስለ አባቷ በቅሎ፣ ስለ ታላቅ እህቷ ሠርግ፣ ልጅ ሆና ስለ ሰረቀችው የጎረቤት ሸንኮራ እያወራች፣ በመሀል መንዙማ እያንጎራጎረች ዳሚ ደረስን፤ እንደ ልማዷ ነበር፣ ለእኔ ግን አዲስ ሰው ናት። ከዚያ ወዲያ ሳትስት፣ ሳላስታውሳት፣ በቀኜ ነው የሄደችው።

ትምህርት ቤቱ ዛሬ ባለ ፎቅ ሆኗል ይሉኛል፣ ሆዳንም አግብታ ከአገር ወጥታለች፤ እሺ፣ የጊዜ ነገር ነው፣ ይሁን። ጆሮዬንም ለምጄዋለሁ። የማይለቀኝ ቁጭት ሌላ ነው። እናቴን ባረጀች ጊዜ «እማዬ፣ ያኔ በግራዬ ስትሄጂ ምን ምን ነበር የምትነግሪኝ?» ብዬ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ፤ «ምን አውቄ ልጄ፣ አፌ ያመጣልኝን ነዋ» ትለኛለች። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ያን ሁሉ ጠዋትና ማታ፣ ከዳሚ እስከ 26 ጁን፣ እጄን ይዛ ለእኔ ብቻ ስታወራ ኖራለች፤ እኔም አልሰማኋት፣ ሌላም የሰማት ሰው የለም።