እንሰቱን የሚያውቀው ማን ነው?

ማክሰኞ ማለዳ ከሐዋሳ የተነሣሁት ስለ እንሰት ለሚታተም መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ላዘጋጅ ነው። የያዝኩት ደብዳቤ "የአገር ሽማግሌዎችን ታነጋግር" ይላል። እንሰት የሚፍቁትና የሚያብላሉት ሴቶች ሆነው ሳለ ደብዳቤው ስለ እነሱ አንድ ቃል የለውም።

በዴሳ

ሶዶ አድሬ በማግስቱ በሚኒባስ በዴሳ ገባሁ። ከዚያ የግብርና ባለሙያው በሞተር ወደ ገጠር ወሰደኝ። ሦስት ሰው መዝግቦልኛል፤ ሦስቱም ወንዶች።

"ሴትስ?" አልኩት።

"ሴቶቹ ምሳ እያዘጋጁ ነው።"

መጀመሪያ ያገኘናቸው አቶ ዳና ደግ ሽማግሌ ናቸው። የእንሰት ዓይነቶችን ስጠይቃቸው አራት ቆጠሩና ቆሙ። ወደ ጓሮ ዞረው በወላይትኛ ተጣሩ፤ የሴት ድምፅ መለሰ፤ እሳቸው አምስተኛውን ነገሩኝ። ስድስተኛውም ሰባተኛውም እንዲሁ መጣ። ትዕግሥቴ አለቀ።

"አባባ፣ ለምን ከጓሮ የሚመልሱልዎትን ሴት ራሳቸውን አንጠይቅም?"

"አማርኛ አይችሉም" አለ ባለሙያው ቀድሞ።

"እችላለሁ" አለ ድምፁ ከጓሮ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች እጃቸው እስከ ክርን በእንሰት ጭማቂ ርሷል። በእንሰቶቹ መሀል እየመሩ አሳዩኝ። "ይሄ ሃላ ነው፣ ቆጮው ይጣፍጣል። ይሄ ማዚያ ነው፣ በሽታ ቶሎ አይጥለውም። እናቴ ነው የሰጠችኝ።"

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ገብቶ የመንደሩን እንሰት ሲያደርቅ፣ ወይዘሮ አማረች በሽታውን ከተክል ወደ ተክል የሚያሻግረው ቢላው ነው ብለው አንዱን በቆረጡ ቁጥር ስለቱን በእሳት ይለበልቡ ነበር። የማዚያ ችግኝም አፍልተው ለጎረቤት ሁሉ አደሉ።

"መጀመሪያ ግን ሳቁብኝ።"

"የሳቅኩት እኔ ነኝ" አሉ አቶ ዳና አንገታቸውን ደፍተው።

ሶዶ

ሐሙስ ረፋድ ላይ የመጽሐፉ አስተባባሪ ሌሊት የጻፍኩትን ረቂቅ አንብቦ የወይዘሮ አማረችን ስም ሰረዘ። "'የአካባቢው ማኅበረሰብ' ብትዪው ይበቃል።"

"የአቶ ዳናንስ ስም?"

"እሳቸውማ ሽማግሌ ናቸው።"

ሽማግሌው ራሳቸው ከሚስታቸው እየጠየቁ እንደመለሱልኝ ሁለት ጊዜ አስረዳሁት። ሁለት ጊዜ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ የወይዘሮ አማረችን ስም ግን አልመለሰም። ስማቸው ካልገባ ምዕራፉንም አልሰጥም ብዬ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። ወደ ሐዋሳ የምመለስበት መኪና ሐላባ ሲደርስ አስተባባሪው ደወለ።

"እሺ፣ በግርጌ ማስታወሻ ላይ ይግባ።"

"እሳቸው እንሰቱን ያወቁት በግርጌ አይደለም" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ሐዋሳ

ቤት ስገባ ንዴቴ አልበረደም። ሁሉንም ለእናቴ ዘረገፍኩላት። እናቴ ያደገችው እንሰት ስትፍቅ ነው። ሰማችኝና፣ "ቢላውን በእሳት መለብለብ እኛም ጋ ነበር" አለች።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ?"

ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ስወቅስ ከርሜ፣ ደብተሬን አውጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምዕራፉ እስከዛሬ እኔው ጋ ነው። አሁን ግን እየረዘመ ነው፤ ማታ ማታ እናቴ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።