የሚያስተኛ መኪና

እናቴ መኪናው የሚያስተኛ ይሁን አለች። ስንት ዓመቱ ነው፣ ናፍጣ ምን ያህል ይጠጣል ብላ አልጠየቀችም። ሰው በጀርባው ቀጥ ብሎ የሚተኛበት ይሁን፤ ሌላውን እናንተ እዩት አለች።

ምክንያቷን ሁላችንም እናውቃለን። ታላቅ ወንድሜ የሞተው በዚያው ክረምት ነው። ሆዱን ታሞ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሆስፒታል ስንወስደው ያገኘነው የሕዝብ አውቶቡስ ብቻ ነበር፤ ያውም በገበያ ቀን። ተቀምጦ ሄደ። ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ፣ ከእግሩ ሥር የሰው ጤፍ ተጠቅጥቆ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን፣ «ትንሽ ጋደም ልበል» አለኝ። የት ይጋደም? ትከሻዬን ዝቅ አደረግሁለት። ሞጣ በደረስን በማግስቱ ሞተ። እናቴ በለቅሶው ሁሉ ያወረደችው ይህንኑ ነው። ልጄ ተቀምጦ ሞተ ትላለች። አልጋ ላይ ነው የሞተው ብላት አትሰማኝም። በኋላ ማስረዳቱን ተውኩት።

ከአርባው በኋላ መኪና ይገዛ ተባለ። በሬዎቹና ከቤታችን ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ተሸጡ፤ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ ጨመረበት። ቤት ውስጥ እናቴ፣ የወንድሜ ሚስት፣ አራት ልጆቿና እኔ ነን። መኪናው በገበያ ቀን ተሳፋሪ ጭኖ ራሱን ይችላል፤ በሌላው ቀን የቤት ነው። ማን እንደሚነዳው ግን ማንም አልተናገረም። መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሜ ነው «እጅህ ላይ ይኑር» ብሎ ያስወጣልኝ። እኔ ደግሞ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ባሕር ዳር ለትምህርት ተመድቤ ነበር። ምዝገባው ደርሷል። ይህንንም ማንም አላነሳም። ረስተውት አይደለም። የወንድሜ ልጆች በሩ ላይ ሲያዩኝ፣ እኔ ራሴም ሳላነሳው አልፌ እገባለሁ።

መምረጡ ለእኔ ተሰጠ። «የተማረ ይየው» አለ አጎቴ። መጀመሪያ እዚያው ቢቸና ሚኒባስ አየን። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ በክረምት ከጭቃ አይወጣም አልኩ። እውነት ነው። ቀጥሎ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ መጣ። ጋቢናው ሁላችንንም አይዝም፣ ከኋላ የተጫነውን ዝናብ ይመታዋል አልኩ። ይህም እውነት ነው። አንዱን በጣልኩ ቁጥር ግን ትንፋሼ ይመለስ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ መኪና ነው የምትመርጠው ወይስ ሚስት?» አለኝ አጎቴ።

ከዚያ ሞጣ ውስጥ አንድ ረዥም ላንድክሩዘር አለ ተባለ፤ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ። እናቴ እኔም እሄዳለሁ አለች። ወንድሜ ከሞተበት ቀን ወዲህ ሞጣን አልረገጠችም። ሦስታችን በአውቶቡስ ሄድን። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ መንገዱን ሳታይ ደረሰች።

መኪናው አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ነጭ ነው፤ ወይም ነበር። ከኋላ ግራና ቀኝ የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ደላላው ከሩቅ ጀመረ።

«ና ኢንጂነር! ይቺ አላረጀችም፤ በስላ ነው።»

«የበሰለ ይበሰብሳል» አለው አጎቴ።

«ካልበሉት ነዋ ጋሼ! ብሉት ነው የምልዎት።»

ሥሩ ገባሁ። መሬቱ እርጥብ ነበር። የሚንጠባጠብ ዘይት ፈለግሁ፤ የለም። የተበየደ ሻንሲ ፈለግሁ፤ የለም። አስነስቼ ጭሱን አየሁ፤ ነጣ ብሎ ወጣና ጠፋ። ፍሪሲዮኑ ይይዛል፣ ማርሹ ይገባል። ያገኘሁት ጉድለት አንድ ነው። የሾፌሩ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ ከውጭ ሰው ካልከፈተ።

«ሾፌሩ ደግሞ ወዴት ሊሄድ ነው?» አለ ደላላው። አጎቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ዞር ስል እናቴን አጣኋት። አጎቴ በአገጩ ወደ ኋላው በር አሳየኝ። በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ደላላው ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው።

«እማማ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል» አለ በቀስታ።

«እኔ አጭር ነኝ» አለች ጣሪያውን እያየች። «ልጄ ረዥም ነበር።» ተነሳችና ወደ እኔ ዞረች። «ና አንተ ተኛ። ቁመታችሁ አንድ ነው።»

«እማ፣ ይበቃል እኮ፤ በዓይን ይታያል።»

«ተኛ አልኩህ።»

ተኛሁ። በሩን ዝጉት አለች፤ ዘጉት። ወለሉ ይቀዘቅዛል። እግሬን ዘረጋሁ። በሩን አልነካም፤ ትንሽ ቦታም ተረፈ። ወንድሜ በዚህ ተኝቶ ቢመጣ ይድን ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ። አይመስለኝም። ግን ጋደም ልበል ባለኝ ጊዜ እሺ እለው ነበር።

እናቴ ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታየኛለች። «ይመቻል?» አለች። ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣል። ጉልበቴን ትንሽ ብሰበስብ፣ አይበቃም ብል፣ ወደ ቢቸና ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። ሌላ መኪና እስኪገኝ እኔ ባሕር ዳር እሆናለሁ። ይህን ሁሉ ተኝቼ አሰብኩት። ዓይኗን ግን ከእኔ አላነሳችም።

«ይመቻል» አልኩ።

በነጋታው ውሉ አለቀ። አጎቴ ከጎኔ፣ እናቴ ከኋላ ሆነው እኔ እየነዳሁ ወጣን። ደብረ ወርቅ ስንደርስ በግ የሚጎትት ሰውዬ መንገድ ዳር እጁን አነሳ። አቆምኩለት።

«ሾፌር፣ ለገበያ ወደ ሞጣ ትመለሳለህ?»

እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። አጎቴ ቀደመኝና አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

«ይመለሳል» አለው። «ሁልጊዜ ይመለሳል።»

ሰውዬው መረቀኝ። እኔም ማርሽ አስገባሁ።