ከሐረጎ ቁልቁል፣ ወዳላየኋት ጎል

ጠዋት 2፡30፣ ቧንቧ ውሃ

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የማስታወሻ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶና በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት የጋዜጣ ቁራጭ ነበሩ። ደብተሩ ለሥራ ነው። የዘንድሮው ውድድር በአንድ ከተማ ተሰብስቦ የሚካሄድ በመሆኑ የደሴው ክለባችን ሰሞኑን ኮምቦልቻ ነው የከረመው። ዛሬ በ9 ሰዓት የመጨረሻ ጨዋታውን ያደርጋል። ካሸነፈ ወደ ላይኛው ሊግ ያድጋል፤ አቻ ከወጣ እዚያው ይቀራል። እኔ ለሬዲዮ ልዘግብ ነው የምወርደው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የዚህ ክለብ ደጋፊ ነኝ፤ በዘገባ ላይ ግን “ክለባችን” ብዬ አላውቅም። እዚህ የምለው ይህ የራሴ ማስታወሻ ስለሆነ ነው።

የጋዜጣዋ ቁራጭ ለእንድሪስ ናት። እንድሪስ የክለባችን በረኛ፣ የእኔም የልጅነት ጓደኛ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ክለባችን የወረደ ዕለት የገባችብንን ጎል “ከግብ ጠባቂው እጅ ያመለጠች ኳስ” ብዬ ጽፌ ነበር። አላመለጠችውም። ይህን ካወቅሁ አንድ ዓመት አለፈኝ። ደሴና ኮምቦልቻ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይራራቁም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልወረድኩም።

3፡10፣ ሚኒባስ ውስጥ

መናኸሪያው አረንጓዴ ለብሷል። ደጋፊው የክለቡን ማሊያ ከሹራቡ ላይ ደርቦታል፤ አንዳንዱ ከጋቢው ላይ። ብርዱ የደሴ ብርድ ነው። እኔም ወፍራሙን ካፖርቴን ለብሼ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጎኔ የተቀመጡት እናት ኮምቦልቻ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ቅቤ በጣሳ ይዘዋል። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

“ይኼን ለብሰህ ኮምቦልቻ?”

“ብርድ ነው እኮ እናቴ።”

“ደሴማ ብርድ ነው። የምትሄደው ግን ደሴ አይደለም። ቅቤዬ እንኳ ፈርቷል።”

ሚኒባሱ ሳቀ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ወደ ኋላ ዞረው ማሊያ ለባሾቹን፦ “ዛሬ ሳታድጉ ብትቀሩስ በምን ትመለሳላችሁ?” አሏቸው።

“በዚሁ ሚኒባስ” አለ ሾፌሩ። “ግን አላዘፍናቸውም።”

ከኋላ ድቤ ተመታ። የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ጉም ተቀበለን። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ፍጥነቱን ቀነሰ። መንገዱ፣ ገደሉና ባሕር ዛፉ አንድ በአንድ ጠፉ። በመስኮቱ በኩል ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚያልፈው። ድቤው እዚሁ መኪና ውስጥ እየተመታ ከሩቅ፣ ከሌላ ዘመን የሚመጣ ይመስል ነበር። በእንዲህ ያለ ጉም ውስጥ ሰው የት እንዳለ ይዘነጋል፤ እኔም ዘነጋሁት። የደሴው ሜዳ ላይ ነበርኩ።

ያን የወረድንበት ዕለት የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል የአሱር አዛን ተሰማ። በዕረፍት ሰዓት ለሶላት ልታጠብ ስሄድ ሜዳው ዳር ያለችው ቧንቧ አንዲት ብቻ፣ የተሰለፈው ሰው ብዙ። ተራዬ ደርሶ ከእንድሪስ ጎል ጀርባ ሣሩ ላይ ስቆም ዳኛው ሁለተኛውን አጋማሽ አስጀምሯል። ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ መስገድ ጀመርኩ። ሦስተኛው ረከዓ ላይ፣ ግንባሬ መሬት እንደነካ፣ ሜዳው ጮኸ። ሶላቴን ጨርሼ ስዞር ኳሷ መሐል ሜዳ ተመልሳለች፤ እንድሪስ ግን ገና በጉልበቱ ነው። አጠገቤ የቆመውን ሰው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

“ከእጁ አመለጠችዋ! በረኛ አይደለም፣ ወንፊት ነው!”

“ወንፊት” የምትለዋን ትቼ ሌላውን ጻፍኩ። ሌላ ሰው አልጠየቅሁም። ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ የጻፍኩት በሥራ ዘመኔ ያችን ብቻ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው፤ ማስረጃ ሆና በየሱቁ የተነበበችው ግን የእኔ ጽሑፍ ናት። እንድሪስ በዓመቱ ደሴን ለቆ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባ። ከዚያ ወዲህ ኳስ ሜዳ ረግጦ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት በአንድ ለቅሶ ቤት የያኔው ተከላካይ ሙሄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። “ያቺ ኳስ እኮ የእኔን ተረከዝ ነክታ ነው የዞረችው። እንድሪስማ በትክክል ወድቆላት ነበር። አንተ እንደዚያ ስትጽፍልኝ እኔም ዝም አልኩ” አለኝ።

ጉሙ ድንገት ተቀደደና ከታች ኮምቦልቻ ታየች፤ ቆርቆሮዋ በፀሐይ ያበራል። እናትየው ካፖርቴን በጣታቸው ነካ አደረጉና “በል አሁን ማላብ ጀምር” አሉኝ። ላቤ ጀምሮ ነበር።

4፡00፣ ኮምቦልቻ

ካፖርቴን በክንዴ አንጠልጥዬ ወረድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ካለች ቤት ትኩስ ፈጢራ በማር በላሁ፤ ሻይ ደገምኩ። ርቦኝ አልነበረም፤ እያዘገየሁ ነበር። ከዚያ ባጃጅ ያዝኩ። ከሌሊት ፈረቃ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኞች በመንገዱ ዳር በቡድን በቡድን ይሄዳሉ፤ ፀሐዩ ውስጥ በእንቅልፍ የሚራመዱ ይመስላሉ። የቦርከናን ወንዝ ተሻግረን ሁለተኛው ቅያስ ላይ ባለ ባጃጁ አወረደኝ።

በሩን የከፈተችው ዘሃራ ናት፣ የእንድሪስ ሚስት። ሰርጋቸው ላይ ሚዜ ነበርኩ።

“አሰላሙ አለይኩም።”

“ወአለይኩም አሰላም።” ትንሽ አየችኝ። “ያ ይመር! እኛማ ወደ ሬዲዮ ውስጥ ገብተህ የቀረህ መስሎን ነበር።”

“ትሰሙኛላችሁ?”

“ድምፅህ ሲመጣ እንድሪስ ሁላችንንም ዝም ያሰኘናል። ስህተት ሊለቅምብህ ነዋ!”

እንድሪስ ከሥራ ገብቶ ገና አልተኛም። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ቁመቱ ያው ነው። ሲጨብጠኝ በኳስ የተሰበሩት ሁለት ጣቶቹ እንደ ድሮው አልታጠፉም። ተቀመጥን። የጋዜጣዋን ቁራጭ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን መግቢያ ሁሉ ተውኩት።

“ይህችን ጎል አላየኋትም። ሱጁድ ላይ ነበርኩ። ከሙሄ ተረከዝ ተመልሳ ነው የገባችው።”

“አውቃለሁ” አለ።

“ከተረከዙ መመለሷን?”

“ሱጁድ ላይ መሆንህንም። ከጎሌ ጀርባ ነበርክ እኮ። የጎሉን ቋሚ ለማየት ዞር ስል ተደፍተህ አየሁህ። ያን ዕለት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ጎሏን እንዳላየ እርግጠኛ የሆንኩበት አንድ ሰው ነበር። እሱው ጻፋት።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም?”

“ምን ብዬ? ‘ይመር አላየም፣ እየሰገደ ነበር’ ልበል? በሶላትህ ልክሰስህ? ወላሂ አፌ እምቢ አለኝ።” ቁራጯን አላነሳትም። “ራስህ መጥተህ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። አንድ ክረምት። በኋላ ልጅ ተወለደ፣ ፈረቃ መጣ፤ መጠበቄንም ረሳሁት።”

ዛሬ በሬዲዮ እንደማስተካክለው ነገርኩት። “ለማን? ያነበቡት ግማሾቹ ሞተዋል” አለ።

“የቀሩትስ?” አለች ዘሃራ ከበሩ ላይ። “ልጆችህ ደሴ ለዒድ ሲወጡ ‘የወንፊት ልጆች’ ሲባሉ አልነበር? ይመር፣ ሬዲዮህን ተወው። እኛ ቤት ያለው ሬዲዮ አይሰድበንም። የሰደበን ሰው ነው፤ ሰው ፊት ተናገራት።” ወደ ባሏ ዞረች። “አንተም ተነስ። ኳሱ ደጅህ ድረስ ወርዶልሃል።”

እንድሪስ ጫማውን ለማሰር ብዙ ጊዜ ወሰደ።

9 ሰዓት፣ ሜዳው

ሙቀቱ ከሜዳው ላይ እየተነነ የማዶውን ጎል እንደ ውሃ ያወዛውዘዋል። የደሴ ሰው ሹራቡን ራሱ ላይ ጠምጥሟል፤ ካፖርት ያመጣሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። እንድሪስ ከጎል ጀርባ ካልሆነ አልቀመጥም አለ። እዚያ እንደቆምን አንድ ፂማቸው በሒና የቀላ ሽማግሌ አተኩረው አዩት፤ የድሮ ደጋፊ ናቸው።

“ወንፊት! አንተ ወንፊት አይደለህም? ዛሬ ደግሞ ማንን ልታወርድ መጣህ?”

ዙሪያችን ሳቀ። እንድሪስ አንገቱን ደፋ። ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ።

“ስሙ እንድሪስ ነው አባቴ። ያቺ ኳስ ከእጁ አላመለጠችም፤ ከተከላካይ እግር ተመልሳ ነው የገባችው። ‘ከእጁ አመለጠች’ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላየሁም ነበር።”

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው ሁለታችንንም በየተራ አዩ።

“ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼን ሰው ካሰደብከን በኋላ ነው የምትነግረን?”

“አዎ።”

“እንግዲያው አንተን ማን እንበልህ?” ሽማግሌው ከተቀመጡበት ጠጋ ብለው ጋቢያቸውን መሬት ላይ አነጠፉ። “ና ቁጭ በል፣ አንተ እንድሪስ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። አፋችን ነው።”

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። የአሱር አዛን ከመስጊዱ ሲሰማ አልተነሳሁም። ከዚያ ዕለት ወዲህ ጨዋታ ስዘግብ የምሰግደው ከጨዋታ በኋላ ነው፤ ጊዜው ስለሚደርስልኝ። እንድሪስ ግን ክንዴን ነካ።

“ሂድ ስገድ።”

“በኋላ እሰግዳለሁ።”

“እኔ በኋላ እሰግዳለሁ። አንተ አሁን ሂድ። አይልሃለሁ።”

ቧንቧዋ እዚህም አንዲት ናት፤ ሰልፉም ያው። ተመልሼ ከጎሉ ጀርባ ስቆም ፊሽካ ተነፋ። ጀርባዬን ለሜዳው ሰጠሁ። ኳስ ሲመታ፣ በረኛ ሲጮህ፣ እግር ሲሮጥ ይሰማኛል፤ ሁሉም ግን እየራቀ፣ እየለሰለሰ ሄደ። ግንባሬ ሣሩን ነካ። የደሴው ሣር ቀዝቃዛ ነበር፤ ይኼኛው ይሞቃል። ያን ጊዜ ጩኸቱ መጣ። መሬቱ ከግንባሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ከመሬት ላይ ሆኖ ጩኸት የማን እንደሆነ አይለይም። ዕድሜ ልኬን የጠበቅኋት ጎል ልትሆን ትችላለች፤ የገባችብንም ልትሆን ትችላለች። ቀና ብዬ ማየት ፈለግሁ፤ አላየሁም። የቀረውን ረከዓ በዝግታ ጨረስኩ። ወደ ቀኝ አሰላመትኩ፤ ባዶ ሣር። ወደ ግራ አሰላመትኩ፤ እንድሪስ ቆሟል። ሁለቱን እጆቹን ዘርግቷል፤ ፊቱ በእንባ ርሷል።

“የእኛ ናት” አለ። “ደብተርህን አውጣ። ሰባት ቁጥር ከማዕዘን አሻገራት፤ አሥራ አንድ ቁጥር በግንባሩ ገጫት።”

“ማንንም አልነካችም?”

“ማንንም። ንጹሕ ናት።” ከፊታችን መረቡን ይዞ ወደቆመው የተጋጣሚ ግብ ጠባቂ አመለከተኝ። “በረኛቸው ጥፋት የለበትም። ይኼንንም ጻፍ። በረኛቸው ጥፋት የለበትም።”

ጻፍኩ። ሌላ ጎል አልገባም። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፤ የወረደው እንድሪስ ትከሻ ላይ ነው።

11፡40፣ ወደ ደሴ

ዘገባዬን በስልክ ካስተላለፍኩ በኋላ በአረንጓዴ ጨርቅ በተሞላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ የጠዋቱ ነው፤ ዛሬ ማዝፈን ፈቅዷል። ሐረጎን ስንወጣ ሬዲዮውን ከፈተና ድምፄ መጣ፦ “ክለቡን ወደ ላይኛው ሊግ ያሳደገችውን ጎል ዘጋቢው አላያትም። ያያት የቀድሞው ግብ ጠባቂ እንድሪስ ነው፤ የሚከተለው የእሱ ምስክርነት ነው።” ቀጥሎም የሃያ ሁለት ዓመቷ እርማት ተነበበች። መኪናው ውስጥ ያወቀኝ የለም። አንዱ “ዘጋቢ ሆኖ አላየሁም ይላል እንዴ?” አለ። ሌላው “ካላየ ምን ይበል?” ብሎ መለሰለት። ከዚያ ድቤው ቀጠለ። ከታች የኮምቦልቻ መብራቶች አንድ በአንድ እየበሩ ነው፤ ከላይ ጉሙ ይጠብቀናል። ቀኑ የሆነ ይሁን ያለምኩት፣ ለጥቂት ደቂቃ መለየት አልቻልኩም።

ቧንቧ ውሃ ስወርድ ብርዱ አጥንቴን አገኘው። ካፖርቴ እንድሪስ ቤት ቀርቷል። የቤቴን በር ከፍቼ ሳልቀመጥ ስልኬ ጮኸ።

“ሰማሁት” አለ እንድሪስ። “ስህተት አለው።”

“የቱ ላይ?”

“ያሻገራት ሰባት ቁጥር አይደለም፤ አሥራ ሰባት ነው። ልጄ በስልኩ ምስሉን አሳየኝ። ማሊያው በላብ ተጣብቆ አንዷ ቁጥር ታጥፋ ነበር። የእኔ ጥፋት ነው።”

እኔም ካንተ ሌላ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ አልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት አስተማረኝ ያልኩትን ነገር በደስታ መሐል ዛሬም ረስቼው ነበር። “ነገ ጠዋት አስተካክለዋለሁ።”

“የማታ ዜና የላችሁም?”

“አለን።”

“እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?” አለ። ከኋላው የዘሃራ ሳቅ ይሰማል።

ሳልቀመጥ ደብተሬን ከፈትኩና ከሰባት በፊት አንድ ጨመርኩ።