«መብራት አለ?»፦ ከአምስት ኪሎ አትክልት ተራ ደርሶ መልስ

ረቡዕ፣ ነሐሴ። ከንጋቱ 12፡10፣ አምስት ኪሎ

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አሁን አባርቷል፤ ሰማዩ ግን እንደከበደ ነው። ጎህ ሲቀድ ጃንጥላዬን ይዤ የግቢውን በር ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት፣ ተመልሼ እናቴን አየኋት፣ እንደገና ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ሳልመለስ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

በዚህ ዓምድ ላይ ስለ ሐይቅም ስለ ገዳምም ጽፌያለሁ፤ በሌሊት አውቶቡስ ገደል አፋፍ ለአፋፍ ሄጃለሁ። የዛሬው ጉዞ ከቤቴ ተነስቶ ቤቴ ነው የሚያልቀው። እግሩን የማያመው ሰው በግማሽ ቀን ሁለት ጊዜ ይመላለሰዋል። እንደዚህ ያስፈራኝ መንገድ ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ሳንባዋ ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የምትተነፍሰው አልጋዋ አጠገብ በተቀመጠ የኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፣ ኤሌክትሪኩም እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ አምና ቆርቆሯችን ላይ ሦስት የፀሐይ ፓኔሎች አሰቀልን። መብራት ሲሄድ ባትሪው ይተካል፣ ባትሪውን ደግሞ ፀሐይ ትሞላዋለች። ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው «ባለፀሐዮቹ» ይለናል።

ትናንት ከሰዓት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ቻርጅ ኮንትሮለሩ ነበር፤ ከጣሪያ የሚወርደውን ኃይል ለባትሪው እየመጠነ የሚያጎርሰው፣ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ሣጥን። እሱ ከሞተ ፀሐይ ብትወጣም ባትሪው ጾሙን ነው። አሁን ያለን የተሞላ ባትሪ ብቻ ነው፤ መብራት ከሄደ ማሽኑን ሦስት ሰዓት ያቆያል። ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪሙ ሩብ ሰዓት ነው። «ያለማሽን ከዚያ በላይ እንዳትቆዩ» ብሎናል። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ኮንትሮለር ለማምጣት ፒያሳ ድረስ መሄድ አለብኝ።

«ሱቁ የሚከፈተው ሁለት ተኩል ነው፤ ምን አስሮጠሽ?» አለችኝ እናቴ፣ በየሁለት ቃሉ እያረፈች።

«ብፈራስ?»

«የፈሪ እናት አታለቅስም ይባላል። እኔ ደግሞ አንቺን ወልጄ ስስቅ ነው የኖርኩት» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነ። «ሂጂ፤ ጌታ ከኔ ጋር ነው።»

ጌታ እንዳለ ሆኖ ጎረቤታችንን እማማ ዘነበችንም አስቀምጫለሁ። ነጠላቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ተሰይመዋል። የክፍሉ አምፖል ከተቃጠለ ሳምንት ሆኖታል፤ ሰንፌ አልቀየርኩትም። ግድግዳው ላይ የሰቀልናት የሰሐን ያህል የሶላር ፋኖስ ትበቃናለች ብዬ ነው። መጋረጃው ተዘግቶ እሷ ብቻ ታበራለች።

«እማማ፣ መብራት ከሄደ ቶሎ ይደውሉልኝ።»

«ማርያምን እደውላለሁ። ሂጂ አሁን፣ ብርዱን አታስገቢ!»

1፡20፣ ፒያሳ

ታክሲው ውስጥ መግቢያው ላይ ተለጥፌ ስልኬን አያለሁ። «እህት፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በይ፤ ወንበሩ አይናከስም» አለኝ ረዳቱ። ሰዉ ሳቀ። እኔ በመስኮት በርተው የሚታዩ አምፖሎችን እየፈለግኩ ነበር። አራት ኪሎ አንድ ዳቦ ቤት በርቷል። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ሁለት መስኮት አየሁ። ከዚያ ወዲህ ነግቶ የበራውንና ያልበራውን መለየት አቃተኝ።

የፀሐይ ነገር የሚሠራልን ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ፓኔሎቻችንን የሰቀሉት እሳቸው ናቸው፤ ማሽኑን ያውቁታል፣ እናቴንም ያውቋታል። ሺ ፈራው ተብሎ ስም የወጣለት ሰው ከሽቦ ጋር መዋሉ አይገርምም። የሺውን ሰው ፍርሃት ግን ብቻዬን የምፈራው እኔ ነኝ።

ሱቃቸው የነበረበት ረድፍ ፈርሷል። የማውቀው ደረጃ፣ የማውቀው የእንጨት በረንዳ፣ የሰዓት ጠጋኙ መስታወት የለም፤ በቦታው አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥርና አዲስ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ። እንደ እንግዳ ሰው ቆሜ ዞርኩ። የጋሽ ሽፈራው ስልክ ዝግ ነው። 

«ሽፈራውን ነው?» አሉኝ ጋዜጣ የዘረጉ ሽማግሌ። «ወርዷል።»

«የት ወረዱ?»

«ቸርችል ቁልቁል ነዋ! እዚህ አገር ሰው ሲወርድ ሌላ የት ይወርዳል?» በአገጫቸው አሳዩኝ። «ከኬክ ቤቱ አጠገብ። በሩን ሰማያዊ ቀብቶታል።»

አመስግኜ ደወልኩ። «እማማ፣ መብራት አለ?»

«አለ የኔ ልጅ፣ ቦግ ብሏል!»

ስልኬን ኪሴ ከትቼ ቁልቁል ወረድኩ።

2፡05፣ ቸርችል ጎዳና

ሰማያዊው በር ተቆልፏል። እላዩ ላይ በጠመኔ «አትክልት ተራ ጣሪያ ላይ ነኝ፣ መጣሁ» ተብሎ ተጽፏል። መቼ እንደወጡ አልተጻፈ፣ መቼ እንደሚመጡ አልተጻፈ። ሱቅ የሚከፍቱበት ሁለት ተኩል እስኪደርስ ልጠብቃቸው ብዬ ኬክ ቤቱ ገባሁ።

ማኪያቶ አዘዝኩ። ቀጭኑን የብርጭቆ አንገት ይዤ እጄ ሲንቀጠቀጥ አስተናጋጇ አየችኝና አንድ ቦንቦሊኖ አስከትላ አመጣች። «ብይ፣ ባዶ ሆድ ነው የሚያንቀጠቅጠው» አለችኝ። በላሁ። ጣፋጭ ነበር፣ አልክድም። ከበሩ ውጪ ጄኔሬተር ያጓራል።

«እዚህ መብራት የለም እንዴ?»

«ከአንድ ሰዓት ጀምሮ የለም። ወደ ላይም ጠፍቷል አሉ።»

ወደ ላይ ማለት የት ድረስ ነው? ብርጭቆዬን አስቀመጥኩና ወጥቼ ደወልኩ። አውቶቡስ ሽቅብ እያቃሰተ ያልፋል፤ ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ።

«እማማ፣ መብራት አለ ወይ?»

«አለ አልኩሽ እኮ!» አሉ፣ አሁን እየተቆጡ። «ያው ከፊቴ በርቶ አይደል እንዴ? እናትሽም ዓይኗን ከድና አርፋለች። አትቀስቅሺያት።»

ታዲያ ምን ልበል? ሁለት ተኩል ሆነ፣ ሰውየው አልመጡም። እየፈራሁ፣ ፈሪነቴን እየታዘብኩ፣ ወደ አትክልት ተራ አቀናሁ።

2፡55፣ አትክልት ተራ

ጭቃ፣ የተረገጠ ጎመን፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ የበሰበሰ ብርቱካን ሽታ። «ገለል! ገለል በይ እናት!» የሚል ተሸካሚ ቲማቲም ተሸክሞ ትከሻዬን ገጭቶ አለፈ። ቀና ብዬ ጣሪያ ለጣሪያ ስፈልግ ጉድጓድ ረገጥኩ፤ አንድ ጫማዬ ውኃ ሞላ።

ጋሽ ሽፈራውን አንድ የሽንኩርት መጋዘን ጣሪያ ላይ አገኘኋቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሹራባቸውን ሱሪያቸው ውስጥ የከተቱ ሰው ናቸው። ቆርቆሮው ላይ ተንበርክከው ብሎን ያጠብቃሉ።

«ጋሽ ሽፈራው! ኮንትሮለሩ ተቃጠለ!»

«እናትሽስ?»

«ደህና ናት። መብራት አለ።»

«መብራት ካለ ምን ያስጮህሻል? ይህቺን ልጨርስ።» ብሎኑን አንድ ዙር ጨመሩለት። «ያንቺም የተቃጠለው ሽቦው ላልቶ ይሆናል። የሰቀልኩላችሁ ዕለት ዝናብ መጣ ብላችሁ አጣድፋችሁኝ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

እኔም ጠበቅኳቸው። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል። ቲማቲም እያየሁ፣ የአንዲት ነጋዴን ቀልድ እየሰማሁ፣ እርጥብ ጫማዬን እያራገፍኩ ቆሜ ጠበቅኳቸው። መብራት አለ ተብያለሁና።

3፡35፣ ሰማያዊው በር

ሱቁ ጠባብ ነው፤ በሩ ሲዘጋ የጎዳናው ጩኸት ይቀራል። ጋሽ ሽፈራው አዲሱን ኮንትሮለር ከካርቶኑ እያወጡ ነው። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ነገር «ጢጥ» አለ። ትንሽ ቆየና እንደገና «ጢጥ»።

«ምንድነው እሱ? ቤት የሰማሁት ይመስለኛል።»

«ኢንቨርተር ነው፤ ያንቺው ዓይነት። መብራት ሲሄድ በባትሪ እየሠራሁ ነው ብሎ እንዲህ ይጣራል።»

ለእናቴ ልነግራት ደወልኩ፤ እማማ ዘነበች አነሱት። «አገኘናቸው፣ እየመጣን ነው» ልል አፌን ስከፍት ከስልኩ ውስጥ ሰማሁት። ጢጥ። ከመደርደሪያው ሥርም ጢጥ። ሁለቱ ይቀባበላሉ።

«እማማ… እዚያ ቤት የሚጮኸው ምንድነው?»

«እሱማ ከቁርስ ጀምሮ ይንጫጫል። የጎረቤት ጫጩት ገብታ ይሆናል ብዬ አልጋ ሥር ሁሉ አየሁ።»

«መብራት አለ አላሉኝም?»

«አለ! ይኸው ትንሿ ግድግዳው ላይ በርታለች!»

 እሳቸው አልዋሹም። «መብራት አለ?» ብዬ ጠየቅኩ፣ ቀና ብለው አዩ፣ ፋኖሷ በርታለች፣ «አለ» አሉ። ኤሌክትሪኩንም አምፖሉንም ፋኖሱንም በአንድ ቃል የምንጠራ እኛ ነን። እኔ የመስመሩን ስጠይቅ እሳቸው የግድግዳውን መለሱልኝ። አስተናጋጇ እንዳለችኝ ከአንድ ሰዓት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል፤ ባትሪው ግማሽ ሰዓት አልቀረውም።

«የተሞላ ባትሪ የለዎትም?» አልኳቸው።

«አንዷን ብቻ ነበር የሞላሁት።» ጋሽ ሽፈራው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጠዋት ሽንኩርቱ መጋዘን ገጠምኳት።»

ኮንትሮለሩን አቅፌ ሮጥኩ። ታክሲዎቹ ሽቅብ የሚሄዱት ከማዶ ነው። ግራ አላየሁ፣ ቀኝ አላየሁ። የፍሬን ጩኸት ሰማሁ፤ አንድ ሰው ሹራቤን ከኋላ ጨምድዶ ጎተተኝ፤ ሚኒባሱ ጉልበቴን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

«እህት፣ መሞት ካማረሽ ሌላ መኪና ፈልጊ!» አለ ሾፌሩ በመስኮት። «እኔ ገና የመጀመሪያ ቢያጆዬ ነው!»

የያዙኝ ጋሽ ሽፈራው ነበሩ። እጃቸውን ሳይለቁ አሻገሩኝ፣ ኮንትራት ታክሲ አስቆሙ፣ ከኋላ አስገቡኝ። ጊዮርጊስ ጋ ተዘጋግቷል። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ ከፊቱ ያለውም ነፋ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔ መጸለይ እንኳ አቃተኝ። በሆዴ ጢጥ፣ ጢጥ እያልኩ እቆጥር ነበር።

4፡08፣ አምስት ኪሎ

ግቢው ጸጥ ብሏል። ጢጥ የለም፣ የማሽኑ ጉርምርምታም የለም። ግድግዳው ላይ ፋኖሷ ታበራለች።

እናቴ በትራስ ተደግፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ትከሻዋ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይነሳል። እማማ ዘነበች በነጠላቸው ጫፍ እያራገቡላት ያለቅሳሉ። «አሁን ነው ዝም ያለው፤ አምስት ደቂቃ አይሞላም» አሉኝ። ሾፌሩን እንዳይሄድ ነገርኩት፤ ካልሆነ ተሸክመናት ሐኪም ቤት ነው። እጇን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር።

ጋሽ ሽፈራው ግድግዳው ሥር ተንበረከኩ። አሮጌውን ፈቱ፣ አዲሱን አሰሩ፤ የመጨረሻዋን ብሎን አንድ ዙር ጨመሩላት። ይኼኔም አልተጣደፉም። ትንሿ የኮንትሮለር መብራት ፈዛ ብልጭ አለችና ጠፋች።

«ደመናው ነው» አሉ። «ባትሪው ትንሽ ጉልበት ይፈልጋል።»

መጋረጃውን ገለጥኩ።  ነሐሴ ላይ ፀሐይን መለመን! ደመናው ከእንጦጦ በኩል ሳሳ፣ እንደገና ወፈረ፣ ሳሳ። ቆርቆሮው ላይ ቢጫ ነገር ፈሰሰ። ኮንትሮለሩ አረንጓዴ በራ። ቆየ፣ በጣም ቆየ፤ ከዚያ ኢንቨርተሩ ጢጥ አለ፣ ማሽኑም አጉረመረመ። ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አጣምሜ አደረግኩላት፤ ራሷ አስተካከለችው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከንፈሯ ቀላ።

«መብራት መጣ?» አለች።

«አልመጣም እማዬ። ፀሐይ ወጣች።»

እማማ ዘነበች ደረታቸውን መቱ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛ! አለ፣ አለ እያልኩ…»

«ጥፋቱ የኔ ነው እማማ። አምፖሉን ቀይሬ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አልኳቸው፤ እውነትም ነው።

«ተዪው» አለች እናቴ። ዓይኗን ወደኔ መለሰች። «ሲሉሽ ሰምቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ። ማሽኑ ሲጣራም እሰማ ነበር።»

«ምነው ታዲያ? ‹የለም› ማለት አቃተሽ?»

«አላቃተኝም፤ ያኔ ትንፋሽ ነበረኝ። ዝም ያልኩት አውቄ ነው።» አረፈች። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ተነፈሰላት። «አንቺን አውቅሻለሁ። የለም ብልሽ መኪና ሳታዪ መንገድ ትገቢያለሽ። ሦስት ሰዓት አለኝ፣ ትደርሳለች አልኩ። የፈሪ እናት አታለቅስም ያለው ሰው ፈሪ ልጅ አልወለደም።»

ጋሽ ሽፈራው መፍቻቸውን ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ ቀና ብለው አዩኝ። አየኋቸው። ቦርሳቸውን ዘጉ።

«ቀስ ብለሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

«ቀስ ብዬ ነው» አልኳት።