ጎርፉ የደረሰበት ቦታ

ጦርነቱ ወልድያን ለቆ በሄደ ሰሞን ወደ ቢሮ ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ ኮምፒውተሮቹ ተወስደው፣ ፋይሉ ወለል ላይ ተበትኖ አገኘነው። የእኔ ሥራ ድልድይ መንደፍ ነው። ከመርሳ ወደ ገጠር በሚያስገባው መንገድ ላይ የነበረው ድልድይ ፈርሶ ስለነበር እንደገና እንድነድፈው ታዘዝኩ። ድልድይ ደግሞ ለዘንድሮ ውሃ ብቻ አይሠራም፤ በሰው ዕድሜ አንዴ ቢመጣ ለሚመጣው ጎርፍ ነው የሚሠራው። ያን ለመገመት የብዙ ዓመት የዝናብ መዝገብ ያስፈልጋል። የእኛ ጠፍቷል።

አለቃዬ "ከሌላ ወረዳ ወስደሽ አስዪው" አለኝ።

"የሌላ ወረዳ ዝናብ የሀብሩ ወረዳን ወንዝ አይሞላም" አልኩት።

"እኔ የጠየቅሁሽ ቁጥር ነው።"

እየተብከነከንኩ መርሳ ወረድኩ። የዝናብ መለኪያውን ለዓመታት ሲያነቡ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ።

"አባባ፣ መለኪያው የት ደረሰ?"

"ወታደር ውሃ ሊጠጣበት ወሰደው። ደብተሩንም እሳት አቀጣጠሉበት። እኔንስ አላህ ነው ያተረፈኝ።"

ስለ እሳቸው ማዘን ሲገባኝ የተናደድኩት ስለ ደብተሩ ነበር። እስካሁን አፍርበታለሁ።

ትልቁ ጎርፍ የት ደርሶ እንደነበር ስጠይቃቸው በትራቸውን ይዘው ወንዙ ዳር ወሰዱኝ። የአንድ ዋርካ ግንድ፣ ከደረቴ ከፍ ብሎ፣ በእጃቸው ነኩ። "እዚህ ድረስ።"

ልብስ ታጥብ የነበረች ጎረቤታቸው ቀና አለች። "ወላሂ አልደረሰም! ከጉልበት አላለፈም።"

"ያኔ መች አገባሽና? ውርጌሳ እናትሽ ቤት ነበርሽ!"

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና "እሱስ እውነትዎን ነው" ብላ መጭመቋን ቀጠለች።

የቅየሳ መሣሪያችንም ተዘርፎ ስለነበር ውሃ በሞላሁበት የጎማ ቱቦ፣ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ልክ ላይ ስለሚቆም፣ ከፍታውን ለካሁ። አንዱን ጫፍ እሳቸው ያዙልኝ። አስልቼ ባስገባ፣ ወረቀቱ "የሰነድ ማስረጃ ይያያዝ" ተብሎ ተመለሰብኝ። እንደገና መርሳ ሄጄ ያዩትን እንዲፈርሙልኝ ለመንኳቸው።

"ልጄ፣ አንዱ መጥቶ ለምን ፈረምክ ይላል፣ ሌላው መጥቶ ለምን አልፈረምክ ይላል። ጎርፉን እንደሁ እኔ አላመጣሁት። ተይኝ።"

ባዶ እጄን ተመለስኩ። አለቃዬ በሌላው ወረዳ ቁጥር የድልድዩን ከፍታ ዝቅ እንዳደርግ አዘዘ፤ እኔ ዝቅ አድርጌ አልፈርምም አልኩ። ስንጨቃጨቅ ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ በቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ሲነሳ ለሥራው የመጡት ማሽኖች ተጭነው ወደ ደሴ ሄዱ። እኛም ፍራሽ ተሸክመን ተከተልን። የገጠሩ ሰው ሊሸሽ ከብቱን እየነዳ መጥቶ፣ ድልድይ ስላልነበረ፣ ወንዙ ሞልቶበት ማዶ እንደቀረ የሰማሁት ደሴ ተቀምጬ ነው። ያን ቀን እህል አልበላሁም። በአለቃዬ ልፍረድ ወይስ በራሴ ግትርነት፣ አላወቅሁም።

ሰላም ሲወርድ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት። ድልድዩ ከሌላ ወረዳ በመጣው ቁጥር፣ ዝቅ ተደርጎ ተሠራ። ባለፈው ክረምት ሄጄ አየሁት፤ ቆሟል። አህያ የጫኑ ሴቶች እየተጫወቱ ይሻገሩበታል። አንዷ "ተመስገን፣ ይኸው ተገላገልን" አለችኝ። "እሰይ" አልኳት፤ ዓይኔን ግን ከውሃው ላይ መንቀል አልቻልኩም።